የድሮ ሰዓት ወይስ የድሮ መኪና? ወሎ ላይ ሆኖ መሰብሰብ ላማረው ሰው

አንድ የኮምቦልቻ ወዳጄ ባለፈው ወር ደወለልኝ። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ግቢ ገብቶ ቮልስ ቆሞ አይቷል። ከዛፍ ሥር ነው፣ ጎማዎቹ ተንፍሰዋል፣ ዶሮዎች ጣሪያው ላይ ይሰፍራሉ። ባለቤቶቹ ሊሸጡት ፈልገዋል። "ይሄን ልግዛ? ወይስ በዚሁ ብር አሥር የድሮ ሰዓት ልሰብስብበት?" አለኝ።

ሁለቱንም እንደምወድ ያውቃል። የድሮ የእጅ ሰዓት መሰብሰብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የአጎቴን ቮልስ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ዛሬም የምንከባከበው እኔ ነኝ። ጥያቄው ግን በስልክ አምስት ደቂቃ የሚያልቅ አልነበረም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ብዙ ሰው ልቡ የወደደውን ዕቃ ይገዛና ከዚያ የሚሠራለት ሰው ፍለጋ ይወጣል። ይህ ተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ሠሪውን ፈልጉ፣ ከዚያ ሠሪው የሚያውቀውን ዕቃ ግዙ። ደሴ ውስጥ እጁ የረጋ ሰዓት ሠሪ ካወቃችሁ ሰዓት ይሻላችኋል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ ካወቃችሁ ቮልሱን አስቡት። ሁለቱም ከሌሉ ገና ነው፤ ብሩን ያዙት።

ሁለቱ የሚጋሩት ነገር

ስልካችን ሰዓቱን ከማንኛውም የድሮ ሰዓት አስበልጦ ያውቃል። ነገሩ የዛሬ ብቻ አይደለም። የጃፓኑ ሲኮ እ.ኤ.አ. በ1969 መጨረሻ አስትሮን የተባለውን በባትሪ የሚሠራ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ አቀረበ። ዛሬ በብዙ የኳርትዝ ሰዓት ውስጥ ያለችው ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች። በሞላ የሚሠራው የድሮ ሰዓት ግን በሰከንድ 5፣ 6 ወይም 8 ጊዜ ነው የሚመታው። ልክ በመሆን ከተወዳደርን ውድድሩ ያኔ አልቋል።

ሰው ግን ባለሞላውን አልተወውም። ምክንያቱን እኔ እንዲህ ነው የማየው። የድሮ ሰዓት ጀርባው ሲከፈት ነገሩ ሁሉ ይታያል። ሞላው ይፈታል፣ ጥርሶቹ ይዞራሉ፣ ትንሿ ጎማ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች። የቮልስ የኋላ ክዳን ሲነሳም እንዲሁ ነው። ማን ማንን እንደሚያዞር በዓይን ይታያል። ሲበላሽ የተበላሸበት ቦታ አለው፣ ቦታው ከተገኘ ይድናል። አሮጌ ዕቃ የሚወድ ሰው የሚወደው ይህን ይመስለኛል፤ ታሞ መዳን የሚችል ነገር።

ሰዓቶቻችን ከየት መጡ?

ወሎ ውስጥ የድሮ ሰዓት ለማግኘት ስዊዘርላንድ መሄድ አያስፈልግም። ብዙዎቹ ቀድመው መጥተዋል። አንዱ መንገድ ሐጅና የዓረብ አገር ሥራ ነው። ከመካ የተመለሰ አባት፣ ከጅዳ የመጣች እህት ሰዓት ይዘው ይገቡ ነበር። ሌላው መንገድ አሰብ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከወደቡ የሚነሳው ጭነት በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይወጣ ነበር። ሾፌሮቹ ከጭነቱ ጋር ራዲዮና ሰዓት ያመጡ እንደነበር ትልልቆቹ ያወራሉ።

ስለዚህ እኛ ዘንድ በብዛት የሚገኘው ሲኮ ፋይቭ ነው። ይህ ዓይነት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አውቶማቲክ ነው፤ ባትሪ የለውም፣ ክንድ ሲንቀሳቀስ ራሱን ይሞላል። ካወለቃችሁት ወደ 40 ሰዓት ገደማ ይሄድና ይቆማል። የኛዎቹን የሚለያቸው አንድ ምልክት አለ። የሳምንቱ ቀን በእንግሊዝኛና በዓረብኛ ተጽፏል። ለመካከለኛው ምሥራቅ ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ነው። እኔ መስኮቷ ላይ በዓረብኛ "ጁሙዓ" ብላ የምትነሳ ሲኮ ሳይ፣ የመጣችበትን መንገድ ያየሁ ያህል ይሰማኛል። ለዚህ ነው ከደማቅ የስዊዝ ሰዓት ይልቅ እሷን የማስቀድማት።

ዕድሜዋን ራሳችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ጀርባዋ ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር አለ። የመጀመሪያው አሃዝ የተሠራችበት ዓመት የመጨረሻ ቁጥር ነው። ሁለተኛው ወሩ ነው። በ84 የሚጀምር ቁጥር ከሆነ ኤፕሪል 1978 ወይም ኤፕሪል 1988 ማለት ነው። አሥርቱን ዓመት ለመለየት የሞተሩን ቁጥር እዩ። ለምሳሌ 7ኤስ26 የሚል ካለበት እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ የተሠራች ናት። ሻጩ "የንጉሡ ጊዜ ናት" ቢላችሁ ቁጥሩ ይመልስላችኋል።

ከሲኮ ሌላ በእጅ የሚሞሉ ባለ 17 ድንጋይ የስዊዝ ሰዓቶችም አልፎ አልፎ ይገኛሉ። ድንጋይ የሚባለው ሰው ሠራሽ ሩቢ ነው፤ ጥርሶቹ የሚዞሩበት ቦታ እንዳይበላ የሚገባ። ጌጥ አይደለም። ቁጥሩ ከ17 በላይ በሆነ ቁጥር ሰዓቱ ይሻላል ማለትም አይደለም።

የኛ ሰዓት፣ የነሱ ሰዓት

ይህን የሚነግራችሁ መመሪያ ስለማላገኝ ትንሽ ልቆይበት። ከተሜው አብዛኛው ቆጣሪውን በፈረንጅ አስቀምጦ በልቡ ስድስት ሰዓት ይቀንሳል። ብዙ ሽማግሌዎች ግን ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ቆጣሪውን 1 ላይ ያውሉታል። ሁለቱም ልክ ነው። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ከሆነ ግን ልዩነት አለው። ሰዓቱ ቀኑን የሚቀይረው ሁለቱ ቆጣሪዎች 12 ላይ ሲገጥሙ ነው። በኛ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ስለዚህ ቀኑን በእኩለ ሌሊት አይቀይርም። ወይ ጠዋት 12 ላይ ወይ ማታ 12 ላይ ይቀይራል። ማታ እንዲሆን አድርጋችሁ ከሞላችሁት ቀኑ ከመግሪብ ጋር ይዞራል፤ በሂጅራ አቆጣጠርም ቀን የሚጀምረው ያኔ ነው። እኔ ሁለት ሰዓቶቼን እንዲህ ነው የያዝኳቸው፣ ደስ ይላል።

ጥንቃቄው ይህ ነው። የሰዓት ቆጣሪው ከ9 እስከ 3 ባለው የላይኛው ግማሽ ውስጥ ሳለ ቀኑን በመሙያው በፍጥነት አትቀይሩ። ቀን የሚገፋው ጥርስ ያኔ ተያይዞ ሊሆን ይችላል፣ ይሰበራል። ቆጣሪውን መጀመሪያ ወደ 6 አካባቢ አውርዱት። ደግሞ የኛ ወር 30 ቀን ነው፣ የሰዓቱ ቀለበት ግን እስከ 31 ይሄዳል። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ አንድ ቀን ታዘልሉታላችሁ። ጳጉሜን ላይ ደግሞ 5 ወይም 6 ከቆጠረ በኋላ እንደገና ወደ 1 ትመልሱታላችሁ።

ሰዓት ስትገዙ

የመጀመሪያ ግዢዬ ገበያ ላይ ነበር። ፊቷ ሰማያዊ፣ እንደ አዲስ የምታበራ ሰዓት ናት። ሻጩ "ሳትነካ የቆየች" አለኝ፣ አመንኩት። ደሴ ወጥቼ ለአንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ሰጠኋቸው።

"አባባ፣ ይቺን ይዩልኝ እስቲ።"

አጉሊ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ገልበጥ ገልበጥ አደረጓት።

"ሞተሯ ደህና ነው፣ የኔ ልጅ። ፊቷ ግን የሷ አይደለም። ተቀብታለች።"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል?"

"አብሽር። እሰራት። ሌላ ስትገዛ ግን አስቀድመህ ፊደሏን አንብብ።"

ከዚያ ወዲህ ፊደል ሳላነብ ገዝቼ አላውቅም። የተቀባ ፊት ያለው የድሮ ሰዓት ዓለም ላይ ብዙ ነው፤ ሕንድ ውስጥ እየታደሰ የሚወጣው በተለይ ይታወቃል። ምልክቶቹ ቀላል ናቸው። የስሙ ፊደሎች ውፍረታቸው እኩል አይሆንም። የደቂቃ ጭረቶቹ ከቁጥሮቹ ጋር አይገጥሙም። ፊቱ እንደ ትናንት ሲያበራ አካሉ ግን ተፍቆ ያለቀ ነው። እንዲህ ያለ ሰዓት መጥፎ አይደለም፣ ለእጅ ይሆናል። እንደ ያልተነካ ሰዓት ዋጋ መክፈል ግን የለባችሁም።

በጨለማ የሚያበራ ቁጥር ካለው ሌላ ነገር ይታያል። እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ ብዙ ሰዓቶች የሚያበሩት በራዲየም ነበር። ራዲየም ጨረር አለው፣ ኃይሉ በግማሽ ለመቀነስ ብቻ 1,600 ዓመት ገደማ ይወስድበታል። ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አለ። እጅ ላይ ማሰሩ ሳይሆን ከፍቶ መፋቁ ነው አደገኛው፤ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል። ስለዚህ በጣም አሮጌና ቁጥሩ ቡናማ የሆነ ሰዓት ቤት ውስጥ አትክፈቱ፣ ልጆችም እንዳይከፍቱት። ከፊቱ ሥር ከ"ስዊስ" ግራና ቀኝ የላቲን "ቲ" ፊደል ካለ ትሪቲየም ነው። እሱ በ12 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ ዛሬ ብዙም አያበራም፣ ብዙም አያሰጋም።

ሰዓቱ በቀን ብዙ ደቂቃ የሚቀድም ከሆነ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ ማግኔት ነክቶት ነው። ስልክ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የቦርሳ ማግኔት ይበቃል። ቀጭኗ ሞላ ተጣብቃ ትንፋሿ ያጥራል። ማግኔቱን የሚያጠፋ ትንሽ መሣሪያ ያለው ሰዓት ሠሪ በደቂቃ ይመልስላችኋል። የሚዘገይና የሚቆም ከሆነ ግን ዘይቱ ደርቋል፤ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። ይህ በየአራት አምስት ዓመቱ የሚመጣ ወጪ ስለሆነ ስትገዙ ዋጋው ላይ ደምሩት።

አንድ የወሎ ነገርም ልጨምር። ለውዱእ ስትቀመጡ አውልቁት። ጀርባው ላይ ውኃ አያስገባም ቢልም ያ የተጻፈው የዛሬ አርባ ዓመት ነው። ጎማው ደርቋል። ውኃ ገብቶ የበሰበሰ ሞተር ያየሁት ከሁሉም በላይ በዚህ ምክንያት ነው። መስታወቱ ከተጫረ አትዘኑ። የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ናቸው፤ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ብታሹት ይጠራል።

አሁን ወደ መኪናው

መኪና ሲመጣ ምርጫው ጠባብ ነው። የምትገዙት አገር ውስጥ ካለው ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ከውጭ አስመጥቶ መሰብሰብ የሚባል ነገር የለም። ይህ ለሰብሳቢ ሁለት ፊት አለው። ግቢ ውስጥ የቆመው ቮልስ ከዛሬ ወዲያ ቁጥሩ እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አይሄድም። መለዋወጫውም እንዲሁ።

ታዲያ የትኛው? ለኔ ቮልስ አንደኛ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፣ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ነው ከፋብሪካ የወጣው። ሞተሩ በአየር ይቀዘቅዛል፤ ራዲያተር የለም፣ ውኃ የለም። ይህ ለኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ የሐረጎን ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ደሴ 2,500 ይጠጋል። በመካከሉ 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ጠመዝማዛ አለ። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል። ቤንዚንና አየር በሚቀላቅል ካርቡራተር የሚሠራ አሮጌ ሞተር ያንኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ከፋብሪካ 34 የፈረስ ጉልበት ይዞ የወጣ ቮልስ 25 አካባቢ ይዞ ነው ደሴ የሚገባው። ውኃ ደግሞ እዚያ ከፍታ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሰይቼንቶ፣ ትንሿ ፊያት 600፣ ቆንጆ ናት፣ ልብ ትሰርቃለች። ነገር ግን ትንሿ ሞተሯ በውኃ ነው የምትቀዘቅዘው። ደሴ ከተማ ውስጥ ለሚነዳት ትሁን፤ ሐረጎን ለሚመላለስ ሰው ግን አልመክራትም።

ካርቡራተሩን ለከፍታው ማስተካከል ግዴታ ነው። ሳይስተካከል ደሴ የመጣ መኪና ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒኩ ይህን ሳትነግሩት ካነሳ ሠሪያችሁን አግኝታችኋል ማለት ነው።

ስለ ጋራዥ ካነሳሁ አንድ ነገር ሁሌ ያስገርመኛል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። በወረራው ዘመን መንገዱና የጭነት መኪናው ጋር የመጣ ቋንቋ ጋራዡ ውስጥ ቀረ። የጀርመኑን ቮልስ እንኳ የምንፈታው በጣሊያንኛ ነው። ሰዓት ውስጥ ያለችው "ሞላ"ም ያው ናት። ሽማግሌ መካኒክ እነዚህን ቃላት ሲጠራ መስማት ለኔ ከመሰብሰቡ ደስታ አንዱ ክፍል ነው።

ቮልስ ስታዩ የኋላውን ወንበር አንሱ። ሁለት ነገር ባንዴ ታያላችሁ። ባትሪው እዚያ ነው የሚቀመጠው፤ አሲዱ ባለፉት ዓመታት ወለሉን በልቶት ከሆነ በዓይናችሁ ታገኙታላችሁ። የሻንሲ ቁጥሩም እዚያው፣ መሐል ላይ ባለው ከፍ ያለ ብረት ላይ ተመቷል። ከሊብሬው ጋር አመሳክሩት። የሞተሩን ቁጥር ደግሞ ከኋላ፣ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ፈልጉ። አንዱ እንኳ ካልገጠመ አመስግናችሁ ውጡ።

ከዚያ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሉና በላሜራው ላይ አስኪዱት። የማይዝበት ቦታ ስቱኮ፣ ማለትም በብረቱ ፋንታ የተለጠፈ መሙያ ነው። የአጎቴ ቮልስ አንዴ ቀለም ተቀብቶ ሲመለስ ያማረ መስሎን ነበር። በሁለተኛው ክረምት የበሩ ሥር ተሰነጠቀ። ሲፋቅ የጣት ውፍረት ያህል ስቱኮ ወጣ፣ ከሥሩ ብረቱ አልቋል። ያኔ ማግኔት ይዘን ቢሆን በአንድ ደቂቃ እናውቀው ነበር።

መኪናው እጃችሁ እንደገባ ከሁሉም በፊት ቤንዚን የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች ቀይሩ። ቮልስ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ የደረቀ የቤንዚን ጎማ ሞተሩ ላይ ሲያንጠባጥብ ነው። ርካሽ ነው፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ቀለሙንና ወንበሩን በኋላ ታስቡታላችሁ።

መሬት ያለው፣ ወደ ገጠር የሚወጣ ሰው ላንድሮቨር ቢያስብ አይሳሳትም። እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር ከጦርነቱ በኋላ ብረት አጥሮ ስለነበር ላሜራውን በአሉሚኒየም ሠሩት። ለዚህ ነው የስድሳ ዓመት ላንድሮቨር አካሉ ሳይዝግ የምታዩት። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ከሥር ተኝታችሁ በመዶሻ እጀታ ነካ ነካ አድርጉት። ቤንዚን ይጠጣል፣ ይህን እወቁት። ላዳ ደግሞ ብዙ ሰው እንደ አንቲካ አይቆጥረውም። እኔ ግን እቆጥረዋለሁ። አሠራሩ ከፊያት 124 የተወሰደ ነው፣ ታክሲ ሆኖ ስለኖረ የሚያውቀው መካኒክ ብዙ ነው፣ መለዋወጫውም ይገኛል። ዛሬ በደህና ዋጋ የሚገዛው እሱ ነው።

የወረቀቱ ጉዳይ ሰዓት ላይ የለም፣ መኪና ላይ ግን ግማሹ ሥራ ነው። ሊብሬው በሻጩ ስም ነው? ባለቤቱ ሞተው ከሆነ ወራሾቹ ማስረጃ አውጥተዋል? ዕዳና እገዳ ተጣርቷል? ቦሎው ከታደሰ ስንት ዓመቱ ነው? ግቢ ውስጥ ለዓመታት የቆመ መኪና ብዙ ጊዜ ሊብሬው ጠፍቷል፣ ወይም ከውክልና ወደ ውክልና ሲዘዋወር ኖሯል። ወረቀቱ ሳይጠራ ቀብድ አትክፈሉ። መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ወረቀት የሌለው መኪና መንገድ አይወጣም።

ያልታሰበ ቀን ሲመጣ

በጥቅምት 2014 ብዙ ሰው ደሴንና ኮምቦልቻን ጥሎ ሲወጣ እኛም ወጣን። እናቴ ሰዓቶቹን በካልሲ ጠቅልላ ከልብስ መሐል አስገባቻቸው። ሰባት የእጅ ሰዓቶች፣ አንድ ካልሲ ነበር። ቮልሱ ግቢ ቀረ። አጎቴ በሩን ቆልፎ ጣሪያውን አንድ ጊዜ ዳበሰው፣ ምንም አልተናገረም።

ስንመለስ መስታወቶቹ ተሰብረዋል፣ ወንበሩ ተቀድዷል። መኪናው ግን ቆሟል። ባትሪው ቀድሞ ሞቶ ስለነበር ማንም አላስነሳውም። ያን ቀን አጎቴ ያለቀሰውን ያህል ሲያለቅስ አላየሁም። ይህን የማነሳው ለማሳዘን አይደለም። የሚሰበስብ ሰው ሊያስብበት የሚገባ ልዩነት ስለሆነ ነው። ሰዓት አብሮ ይሄዳል። መኪና እዚያው ይጠብቃል።

ትርፍ አለው?

እ.ኤ.አ. በ2017 ፖል ኒውማን ያሰረው ሮሌክስ ኒውዮርክ ውስጥ በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2022 አንድ የ1955 መርሴዲስ 135 ሚሊዮን ዩሮ አወጣ። እነዚህን ዜናዎች ሰምቶ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርድ ሰው አውቃለሁ። አትውረዱ። የኛ ሲኮና የኛ ቮልስ በዚያ ዓለም ውስጥ የሉም።

ይልቅ የምንማርበት ሌላ ታሪክ አለ። በዚያው በ2017 የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የነበረ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ነበር። የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣና ከጨረታው ወጣ። የንጉሥ ሰዓት እንኳ "ከማን አገኘኸው?" ይባላል። እናንተም ስትገዙ ጠይቁ። በተለይ ካለፉት ዓመታት በኋላ የተዘረፈ ዕቃ ገበያ ላይ ሊኖር ይችላል። ሻጩ መልስ ከሌለው እኔ አልገዛም፣ የቱንም ያህል ብወደው።

ለመሸጥ ከሆነ ሰዓት ይቀላል። ደህና ሰዓት በሳምንት ውስጥ ገዥ ያገኛል። መኪና ወራት ይፈጃል፣ እስከዚያ ቦታ ይይዛል፣ ኢንሹራንስና ቦሎ ይጠይቃል። ነገር ግን መኪና የሚሰጠውን ሰዓት አይሰጥም። የአጎቴ ቮልስ ሲነሳ ሰፈሩ ይሰማል። ልጆች ለመግፋት ይሻማሉ። ሰርግ ሲኖር ይለመናል። እትዬ ከጎረቤት ለቡና ስትጠራን "መኪናውንም አምጡት" ትላለች፣ ከደጇ ቆሞ ማየት ስለምትወድ። ሰዓት የራሳችሁ ነው። ቮልስ የሰፈር ነው። ይህን የማትወዱ ከሆነ፣ ማለትም ሰው በየቀኑ ደጃችሁን ሲያንኳኳ የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ መኪና አትግዙ።

ለወዳጄ ያልኩት

ተከራይ ነው፣ ግቢው የሱ አይደለም። ልጆቹ ትንንሾች ናቸው። የቮልሱ ሊብሬ በሞቱ አባት ስም ነው፣ ወራሾቹም ገና አልተስማሙም። መካኒክ አያውቅም። ስለዚህ "ለጊዜው ሰዓት" አልኩት። አሥር ሳይሆን ሁለት። አንድ ሲኮ ፋይቭ ፊቷ ያልተቀባ፣ አንድ በእጅ የሚሞላ ስዊዝ። የቀረውን ብር ለማሳጠቢያ ያስቀምጥ። ቮልሱን ደግሞ አይርሳው። ወራሾቹ ሲስማሙ እንደገና ሄዶ የኋላውን ወንበር ያንሳ።

ግቢ ያለው፣ እጁ ዘይት መንካት የማይጠላ፣ ቅዳሜና እሑዱን የሚሰጥ ሰው ቢሆን ኖሮ "ዛሬውኑ ሂድ" እለው ነበር።

እናንተ ደግሞ አንድም ከመግዛታችሁ በፊት የአያታችሁን ሳጥን ክፈቱ። ብዙ የወሎ ቤት ውስጥ ከሰነድና ከሙሽራ ቀሚስ ሥር አንድ የቆመ ሰዓት አለ። ካገኛችሁ ለመሙላት አትቸኩሉ። ሃያ ዓመት የቆመ ሰዓት ዘይቱ ደርቋል፤ እንዳለ ከሞላችሁት ደረቅ ብረት ከብረት ይፋጫል። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ወደ ሠሪው ውሰዱት። ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ። የማን እንደነበረ፣ ማን ከየት እንዳመጣው ቤት ውስጥ ያሉትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁና እሱንም ከቁጥሩ ሥር ጻፉ።